ሥልጣንን በጊዜው ማስረከብ
ስለ ገዳ ሥርዓትና ስለ ባህል መታደስ የተደረገ አጭር ጥናት

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኪራሙ



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ጥቂት ቃል እንድጽፍ በተፈቀደልኝ ጊዜ፣ ተማሪውም መምህሩም ወላጁም ሊነጋገርበት የሚገባ አንድ ነገር ለመምረጥ አሰብሁ። የመረጥሁትም የገዳን ሥርዓት ነው። ስለ ገዳ በአገራችን ዛሬ ብዙ ይነገራል፤ በበዓል ቀን ልብሱ ይለበሳል፣ ፈረሱ ይሸለማል፣ ዜማው ይዜማል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ልብሱ የሥርዓቱ ጌጥ እንጂ ሥርዓቱ ራሱ አይደለም። የአንድ ሕዝብ ባህል ታደሰ ለማለት የሚቻለው ምኑ ሲታደስ ነው? ራሱን በራሱ ያስተዳድራል የሚባለውስ ምን ሲኖረው ነው? እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምደክመው፣ የገዳ ዋና ቁም ነገር ሥልጣንን መያዝ ሳይሆን ሥልጣንን በጊዜው ማስረከብ መሆኑን ነው።

ለንባብ እንዲቀል፣ «ዓ.ም.» ያልሁት በእኛ አቈጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» ያልሁት ደግሞ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

1ኛ/ ራስን ማስተዳደር ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ራስን ማስተዳደር ማለት የራስ ወገን የሆነ ሰው በወንበር ሲቀመጥ ነው ብሎ ያስባል። ይህ የነገሩ ግማሽ እንኳ አይደለም። በየሰፈራችን ያለውን እድር እንመልከት። እድርተኛው ዳኛውን ይመርጣል፣ ጸሐፊውን ይመርጣል፣ ገንዘብ ያዡን ይመርጣል። ደንቡ አስቀድሞ ተጽፎ ይነበባል። ዳኛው ቢያጠፋ እንደ ማንኛውም አባል ይቀጣል። ዘመኑ ሲያልቅም መዝገቡንና ማኅተሙን ለተተኪው ያስረክባል። ያ ዳኛ «የሰፈሩ ልጅ ነኝና ማኅተሙን አልሰጥም» ቢል፣ እድሩ የሰፈሩ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምሳሌ ሦስት ነገሮች እናገኛለን። የመጀመሪያው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው። ሁለተኛው ልክና ጊዜ ያለው ሹመት ነው። ሦስተኛው ከሹሙ በላይ የሆነ ጉባኤ ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ ሕዝብ ራሱን አስተዳደረ ይባላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል፣ ገዢው የሩቅ ሰውም ይሁን የቅርብ፣ ሕዝቡ ተገዢ እንጂ አስተዳዳሪ አይደለም።

2ኛ/ የገዳ አሠራር

ገዳ የኦሮሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ራሱን ሲያስተዳድርበት የኖረ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሥርዓት በጽሑፍ ካስቀመጡት ቀደምት ጸሐፊዎች አንዱ አባ ባሕርይ የሚባሉ፣ በጋሞ ምድር የነበሩ መነኵሴ ናቸው። እኚህ ሰው በ1593 እ.ኤ.አ. በግዕዝ በጻፉት ታሪክ ውስጥ በየ8 ዓመቱ አዲስ ትውልድ ሥልጣን እየተረከበ መሄዱን ከየትውልዱ ስም ጋር ዘርዝረዋል። አባ ባሕርይ በዘመኑ ጦርነት አገራቸው የተዘረፈባቸው ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ የጻፉት ለማመስገን ብለው አይደለም። ይሁን እንጂ የሥልጣኑን መተካካት ሳይሸሽጉ መመስከራቸው ምስክርነታቸውን የበለጠ ያጸናዋል። በእኛ ዘመን ደግሞ አስመሮም ለገሠ የተባሉት ምሁር በቦረና መካከል ተቀምጠው ያጠኑትን በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል።

በሥርዓቱ መሠረት ወንድ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ሕፃናቱ ደበሌ ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ከብት ይጠብቃሉ፣ አደን ይማራሉ፣ ሕግና ታሪክ በቃል ያጠናሉ፣ ለአገር ዘብ ይቆማሉ። የደረጃዎቹ ስምና ቍጥር በቦረና፣ በጉጂ፣ በቱለማና በመጫ ዘንድ ጥቂት ጥቂት ይለያያል፤ አሳቡ ግን አንድ ነው። ሰው ከማዘዝ በፊት መታዘዝን፣ ከመፍረድ በፊት ሕግን ይማራል። ዕድሜው ወደ 40 ገደማ ሲደርስ የእርሱ ወገን ሥልጣን ይረከባል፤ 8 ዓመትም ያስተዳድራል። ከዚያ በኋላ ዩባ ተብሎ መካሪ ይሆናል እንጂ ዳግመኛ አያዝም። ወገኖቹ አምስት ስለ ሆኑ 5 በ8 ሲባዛ 40 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወገን ሥልጣን ካስረከበ በኋላ ተራው እንደ ገና የሚደርሰው የልጆቹ ትውልድ በአባቶቹ ቦታ ሲቆም ነው።

ሥራውም ለአንድ ሰው አይሰጥም። አባ ገዳ የሁሉ የበላይ ሆኖ ቦኩ የሚባለውን በትር ይይዛል። አባ ሴራ የሕግ ዐዋቂ ነው። አባ ዱላ የጦር መሪ ነው። ሕግ የሚደነገገው ግን በጉባኤ ነው፤ ጉባኤውም ጨፌ ይባላል። ጨፌ ማለት ለምለም ሣር የበቀለበት መስክ ማለት ነው፤ አባቶች የሚሰበሰቡት በዚያ መስክ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ኦዳ በሚባለው የሾላ ዛፍ ጥላ ሥር ስለ ሆነ ጉባኤው በቦታው ስም ተጠራ። የዛሬው የክልላችን ምክር ቤትም ጨፌ ኦሮሚያ ተብሎ የተሰየመው ከዚሁ የተነሣ ነው።

በቦረና ደግሞ ጉሚ ጋዮ የሚባል ታላቅ ጉባኤ በየ8 ዓመቱ ይደረጋል። ይህ ጉባኤ ከአባ ገዳውም በላይ ነው። የተጓደለውን ሕግ ያቃናል፤ የሚያስፈልገውን አዲስ ሕግ ያወጣል፤ ሹም ካጠፋም እስከ መሻር ድረስ ሥልጣን አለው። ሹመኛን ከቦታው ማንሣት በእነርሱ አነጋገር መንቀል ይባላል። በአማርኛም «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ውሃ ይቆማል» የሚል አባባል አለን። የጉሚ ጋዮም አሳብ ከዚህ አይርቅም፤ አባ ገዳው በትሩን በእጁ ይዞ ሳለ እንኳ ሕግ ያቆመዋል።

የሥልጣኑ ርክክብ ባሊ ይባላል። ይህን መተካካት ሳያቋርጡ ጠብቀው የቈዩት በተለይ ቦረናዎች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ኩራ ጃርሶ 71ኛው አባ ገዳ ሆነው ባሊ ተቀበሉ፤ 8 ዓመት ሲሞላም በ2017 ዓ.ም. ለ72ኛው ለጉዮ ቦሩ አስረከቡ። የሒሳብ ተማሪ የሆነ ሁሉ 71ን በ8 ቢያባዛ 568 ያገኛል። በቃል በተያዘው በዚህ ቈጠራ መሠረት ሥልጣን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ በየጊዜው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ ጥናት ከሆነ ጕድለቱንም መናገር ይገባል። በገዳ ሹመት ሴቶች አይገቡም ነበር። ሴቶች በበኩላቸው ሲንቄ በሚባለው ቀጭን በትር መብታቸውን ያስከብራሉ። ሲንቄ ሙሽራ ስትዳር የምትቀበለው በትር ነው። አንዲት ሴት በባልዋ ብትበደል ሴቶቹ ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩም ካሣ ከፍሎ ካልታረቀ አይመለሱም። በሁለት ጠበኞች መካከል ሲንቄ የያዙ ሴቶች ከቆሙም ውጊያው መቆም አለበት። ይህ ታላቅ ኀይል ነው፤ ነገር ግን በጉባኤው ወንበር ከማግኘት ጋር አንድ አይደለም። ደግሞም ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የሆኑት ወገኖቻችን ከሌላው ተለይተው ዝቅ ብለው ይታዩ ነበር። ስለዚህ ባህልን ስናድስ እህሉን ከእንክርዳዱ መለየት የእኛ ሥራ ነው።

3ኛ/ ሥርዓቱ በወለጋ እንዴት ደከመ?

የወለጋ ኦሮሞ ከመጫ ወገን ነው። በአባቶች አፈ ታሪክ መሠረት መጫ ከቱለማ ተለይቶ ወደ ምዕራብ ሲሻገር፣ መኮ ቢሊ የሚባለው ሕግ አውጪ በኦዳ ቢሲል የመጫን ሕግ ደነገገ። ከኪራሙ በስተ ምሥራቅ ባለው በሆሮ ጉዱሩ ምድር ደግሞ በጃርቴ በኩል ኦዳ ቡሉቅ የሚባለው የጉባኤ ቦታ ይገኛል። እንግዲህ ገዳ ለእኛ ከሩቅ የምንሰማው የቦረና ወሬ ሳይሆን በጐረቤታችን ምድር የተተከለ ነገር ነው።

ታዲያ ምን አደከመው? ብዙ ሰው የሚመልሰው ከውጭ የመጣውን ኀይል ነው። ይህም እውነት አለበት፤ ነገር ግን መጀመሪያው ከውስጥ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት እርሻው ሰፋ፣ መሬት ውድ ሆነ፣ በአባይ ማዶና ማዶ የሚመላለሰው ንግድ ገነነ። በየጊዜው ጦርነት ስለ ነበር አባ ዱላው ብዙ ሰውና ብዙ ሀብት በእጁ ሰበሰበ። ስምንት ዓመቱም ሲሞላ ለተተኪው ማስረከብ የሚገባውን ሥልጣን ለራሱ አስቀረው፤ ከዚያም ለልጁ አወረሰው። ሞቲ የሚባለው ንጉሥ የተነሣው እንዲህ ነው። በነቀምት የሌቃ አገር በከሬ ጎዳና ኀይሉን አጸና፤ ልጁ ሞሮዳ ተተካ፤ ከሞሮዳም በኋላ ልጁ ኩምሳ ገዛ። በቄለም በኩል ደግሞ ጆቴ ቱሉ ገነነ። እነዚህ ሰዎች ብልህና ብርቱ መሪዎች እንደ ነበሩ ታሪክ ይመሰክራል። ዳሩ ግን በእነርሱ ዘመን ባሊው ከመዞር ቆመ።

በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከአባይ በስተ ደቡብ ስላለው አገር በሆሮ ጉዱሩ በእምባቦ ተዋጉ፤ ድሉም የምኒልክ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሞሮዳ ያለ ውጊያ ለምኒልክ ገበረ። ስለዚህ የሌቃ ነቀምት ባላባቶች ወርቅና ሌላም ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን እንዲይዙ ተተወላቸው። ኩምሳም ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ በነቀምት ያሠሩት ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ይታያል።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሌቃ ነቀምት በዚያ ዘመን የራሱ ሰው ይገዛው ነበር፤ ቋንቋውም የራሱ ነበር። ነገር ግን ገዢውን የሚሽር ጨፌ አልነበረውም። ከዚህ የምንማረው የራስ ገዢ መኖርና ራስን ማስተዳደር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

4ኛ/ ቋንቋና ትዝታ እንዴት ተጠበቁ?

ሹመቱ ሲጠፋ ትዝታው አብሮ ያልጠፋው በምን ምክንያት ነው? አንደኛ፣ ሽማግሌዎች በየመንደሩ ማስታረቅን አልተዉም። ሁለተኛ፣ ቋንቋውን በጽሑፍ ያኖሩ ሰዎች ተነሡ።

ከእነዚህ ሰዎች ሁለቱ ለወለጋ ልጆች የቅርብ ናቸው። ኦነሲሞስ ነሲብ የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ነበር፤ በሕፃንነታቸው በባርነት ተሽጠው ምጽዋ ላይ ነጻ ወጡ፤ ከስዊድን ሚስዮናውያንም ዘንድ ተማሩ። አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከባርነት የተረፈች ሴት ነበረች። ሁለቱ ተባብረው በ1894 እ.ኤ.አ. የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ ተተርጕሞ በግዕዝ ፊደል ታተመ። አስቴር በአእምሮዋ ከያዘችው 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቈቅልሽና ዘፈን ጻፈች። ለትርጕሙም ሥራ የሚረዳ ብዙ ሺህ ቃላት ያሉበትን መዝገብ አዘጋጀች። ከዚያም ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምት አስተማሩ፤ ኦነሲሞስም በ1923 ዓ.ም. በዚያው በነቀምት ዐረፉ። ስለ አስቴር ሳነብ ከሁሉ ይልቅ የደነቀኝ ይህ ነው፤ ከአገርዋ ስትወሰድ በእጅዋ ምንም አልነበረም፤ በአፍዋ የነበረው ግን ለሕዝብዋ መጽሐፍ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤትና በፍርድ ቤት የሚሠራበት ቋንቋ አማርኛ ብቻ የሆነበት ዘመን መጣ። በ1955 ዓ.ም. የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተቋቋመ፤ ሕዝቡ ገንዘብ እያዋጣ ትምህርት ቤት፣ መንገድና ክሊኒክ እንዲሠራ ያስተባብር ነበር። ማኅበሩ ግን ጥቂት ዓመት ሠርቶ በመንግሥት ታገደ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ «በሪሳ» የተባለው ጋዜጣ በኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል መታተም ጀመረ። በጥቅምት ወር 1984 ዓ.ም. ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል ለኦሮምኛ ጽሕፈት እንዲሆን ተወሰነ፤ ልጆችም በቋንቋቸው መማር ጀመሩ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 39 እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገርና የመጻፍ፣ ባህሉን የማሳደግና ራሱን የማስተዳደር መብት እንዳለው ደነገገ።

5ኛ/ በሌላው ዓለምስ?

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ሲልክስ፣ በሌላ ስማቸው ኦካናጋን የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። በ1846 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በአሜሪካ መካከል በተደረገ ውል አገራቸው ለሁለት ተከፈለ፤ ዛሬ ከፊሉ በካናዳ፣ ከፊሉ በአሜሪካ ይኖራል። የካናዳ መንግሥትም በ1876 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ የአገሬውን ሕዝቦች የጥንት አስተዳደር በራሱ ደንብ ተካው፤ ልጆቻቸውም ከወላጅ ተነጥለው ቋንቋቸው በተከለከለበት ትምህርት ቤት እንዲያድሩ ተደረገ።

እነዚህ ሕዝቦች ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጋራ ኅብረት አቋቁመዋል፤ በፔንቲክተን ከተማም ኤንኦውኪን የሚባል የትምህርትና የባህል ተቋም አላቸው። ኤንኦውኪን በቋንቋቸው የመመካከር ዘዴ ስም ነው። ችግር ሲነሣ ወዲያው ድምፅ ተሰጥቶ ብዙው ትንሹን አያሸንፍም፤ ከሁሉ የተለየ አሳብ ያለው ሰው በተለይ እንዲናገር ይጠየቃል፣ ሌላው ያደምጣል፤ የሁሉን ችግር ያካተተ ውሳኔ እስኪገኝ ድረስም ይመካከራሉ። ከወንዛቸው ጠፍቶ የነበረውንም የሳልሞን ዓሣ እንደ ገና ለመመለስ ከመንግሥት ጋር ሆነው ብዙ ሠርተዋል። እነርሱም ያደሱት ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን የመመካከሩን ዘዴና አገሩን የመጠበቁን ሥራ ጭምር ነው። ስለዚህ ነው ለእኛ ምሳሌ ይሆናሉ ያልሁት።

6ኛ/ ዛሬ የሚታደሰው ምንድን ነው?

በኅዳር 2009 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ በአዲስ አበባ ባደረገው ጉባኤ የገዳን ሥርዓት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጻፈው። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጨፌ ኦሮሚያ በዐዋጅ ቍጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶች እንዲቋቋሙና በሕግ እንዲታወቁ አደረገ። በዚህም መሠረት ሽማግሌዎች ባለጉዳዮች በፈቃዳቸው ያቀረቡትን ነገር በአገሩ ሥርዓት ያያሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ገበሬው ስለ አንድ ድንበር ክርክር ወደ ከተማ ሲመላለስ ስንቁ ያልቃል፣ እርሻው ይበላሻል፤ በመንደሩ ግን ምስክሩም ዳኛውም ድንበሩን ያውቁታል። ከሁሉም በላይ ፍርድ ቤት አንዱን ረቺ ሌላውን ተረቺ አድርጎ ይሸኛል፤ ሽማግሌ ግን ነገ በአንድ ምንጭ ውሃ የሚቀዱትን ሰዎች አስታርቆ ይሸኛል።

በሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌን ስለዚህ ጠይቄአቸው ነበር። «አባባ፣ በድሮና በዛሬ ሽምግልና መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሽማግሌ የሚከበረው ከሁለቱም ወገን ሳይበላ ሲፈርድ ነው። አበልና መኪና የሚሰጠው ሽማግሌ የሰጪውን ፊት ያያል» አሉኝ። ይህን ቃል ከብዙ መጽሐፍ ጋር እኩል ቈጥሬዋለሁ። አባ ገዳ የመንግሥት ጉዳይ አስፈጻሚ ከሆነ ሕዝቡ አያምነውም፤ የአንድ ፓርቲ ወይም የአንድ ታጣቂ ደጋፊ ከሆነም እንዲሁ።

በ2011 ዓ.ም. አባ ገዳዎችና ሐደ ሲንቄዎች በመንግሥትና በኦሮሞ ነጻነት ግንባር መካከል ገብተው ለማስታረቅ ደክመዋል። ሕዝቡም ብዙ ተስፋ አድርጎ ነበር። ነገር ግን በወለጋ ጦርነቱ አልቆመም። ከዚህ የምረዳው ሽምግልናው ከንቱ መሆኑን አይደለም፤ ቦኩ የሚታዘዘው የመሣሪያ ባለቤቶች ሁሉ ከሕግ በታች ለመሆን ሲፈቅዱ መሆኑን ነው እንጂ። በድሮው ሥርዓት አባ ዱላ ከጨፌ በታች ነበር። ጦረኛው ከጉባኤው በላይ በሆነ ጊዜ ገዳ በወለጋ እንደ ደከመ ከላይ አይተናል።

7ኛ/ ለእኛ ለኪራሙ ልጆች ምን ይጠቅመናል?

ኪራሙ ኦሮሞና አማራ በአንድ ገበያ የሚገበያዩበት፣ በአንድ እድር የሚቀባበሩበት፣ በሁለት ቋንቋ የሚነጋገሩበት አገር ነው። ከአባይ ማዶና ከወሎ በልዩ ልዩ ዘመን የመጡ ሰዎች ከቀድሞዎቹ ጋር ተጋብተው ወልደዋል። ሆኖም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የደረሰብንን ሁላችን እናውቃለን። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጥቂት ቀን ውስጥ ከ210 በላይ ሰዎች እንደ ተገደሉ ተናግሯል። ከሁለቱም ወገን ሬሳ ተቀብሯል፤ ከሁለቱም ወገን ቤት ተቃጥሏል፤ ብዙ ቤተሰብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። ከክፍላችን ወንበር የጐደሉትን ልጆች ስም እዚህ አልጽፍም፤ እናንተ ታውቁአቸዋላችሁ።

ይህን ያነሣሁት ቍስል ለመነካካት አይደለም። የገዳ ሕግ ለዚህ ነገር ሁለት ታላላቅ ቃላት ስላሉት ነው።

አንደኛው ሞጋሳ ነው። ከሌላ ወገን የመጣ ሕዝብ በአባ ገዳው ምርቃትና በመሐላ ወንድም ሆኖ ይቈጠራል፤ ከዚያ በኋላ «መጤ» ብሎ የሚሰድበው ራሱ ሕግ ይጥሳል። እርግጥ ነው፣ ሞጋሳ በጥንቱ የጦርነትና የመስፋፋት ዘመን ሁልጊዜ በሙሉ ፈቃድ የሆነ አልነበረም። ለእኛ የሚጠቅመን ግን የኋላው አሳብ ነው፤ ይኸውም ወገንነት በደም ብቻ ሳይሆን በቃል ኪዳንም ይገኛል የሚለው ነው። የዚህ ታናሽ ወንድም የሆነው ጉዲፈቻ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ገብቶ ዛሬ የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ይሠራበታል። የሁለት ሕዝብ ቋንቋ ልጅን ለማሳደግ በአንድ ቃል ከተስማማ፣ ልጆቹ አብረው ለመማር የማይስማሙበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ጉማ ነው። ጉማ የሰው ነፍስ የጠፋበት ነገር የሚታረቅበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ካሣ አለ፣ መሐላ አለ፤ ከሁሉ በፊት ግን እውነት መነገር አለበት። በዳዩ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ ጉማ አይደረግም። የተበዳዩም ወገን ካሣውን ተቀብሎ ከማለ በኋላ ቂም አይዝም፤ ደሙ ተዘግቷልና። እንግዲህ እርቅ ማለት ነገሩን መሸፈን ሳይሆን ነገሩን ገልጦ መዝጋት ነው። በአገራችን ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልግ ባህል ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የተማሪ ዐቅም የሚፈቅደውን ሦስት ነገር ላሳስብ።

በመጀመሪያ፣ አስቴር ጋኖን እንምሰል። እያንዳንዳችን በዕረፍት ወራት ከአያቶቻችን አንድ ተረት፣ አንድ ምሳሌ ወይም አንድ የማስታረቅ ሥርዓት በኦሮምኛም በአማርኛም እየጻፍን ብናመጣ፣ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በሌላ ቦታ የማይገኝ መጽሐፍ ያገኛል። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ያልተጻፈው ሁሉ አብሮ ይቀበራል።

ሁለተኛ፣ አንዳችን የሌላውን ቋንቋ አጥርተን እንማር። ቋንቋውን የማያውቁትን ጐረቤት ማማት ቀላል ነው፤ ከእርሱ ጋር መታረቅ ግን አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥልጣንን በጊዜው ማስረከብን ከአሁኑ እንልመድ። የክፍል አለቃ፣ የክበብ ሰብሳቢ፣ የስፖርት ቡድን አምበል የሆነ ተማሪ ዘመኑ ሲያልቅ መዝገቡን፣ ገንዘቡንና ቍልፉን በጉባኤ ፊት ቈጥሮ ያስረክብ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በ17 ዓመቱ የክበብ ቍልፍ ለማስረከብ የጨነቀው ሰው በ47 ዓመቱ አገር ያስረክባል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ወላጆቻችንና መምህሮቻችንንም በትሕትና የምለምነው፣ በበዓል ቀን ልብሱን ስታለብሱን ሕጉንም እንድትነግሩን ነው። የኦዳው ጥላ ለመቀመጫ ብቻ አልተተከለም፤ ከሥሩ የተቀመጠ ሁሉ ተራውን ጠብቆ እንዲናገር፣ ተራው ሲያልፍም ለሌላው እንዲለቅ ነው የተተከለው። እኛም የዘንድሮ ተፈታኞች ተራችን ደርሶ ይህን ትምህርት ቤት ለታናናሾቻችን እንለቃለን። በሰላም እንዲማሩበት እግዚአብሔር ይርዳቸው።